ቀስ ብለሽ ዋጪ

ቪክቶሪያ፣ ኤፕሪል 12 ቀን 1984

ሃልቮር፣

እንዴት ነህልኝ? ደሴታችንስ? ለመርከቦች የምናበራው መብራትስ? ያ ኬንት የሚሉት ጊዜያዊ ረዳትህስ ወጥ ቤቴን ምን አደረጋት?

ከሁሉ በፊት ይቅርታ። እሑድ በሬዲዮ ስልክ ስትደውል ኮሪን «ተኝታለች» ያለችህ ውሸቷን ነው። አልተኛሁም። አጠገቧ ቁጭ ብዬ፣ ጆሮዬን እጀታው ላይ ለጥፌ፣ እጄን አፌ ላይ አድርጌ ነበር። ያልካትን ሁሉ ሰምቻለሁ። የጓሮውን በር ነፋስ እንደነቀለውም፣ ጠግነኸው እንደገና እንደነቀለውም። እህቴን እንዳትቀየማት፤ በምልክት እምቢ ያልኩት እኔ ነኝ።

ድምፄ የለም፣ ሃልቮር። ሐኪሙ አንገቴን የከፈተው ከኋላ ሳይሆን ከፊት ነው። ጉሮሮዬንና መተንፈሻዬን ወደ ጎን ገፋ አድርጎ ነው አጥንቱ ጋ የደረሰው። ያለቀውን ዲስክ አውጥቶ፣ በቦታው ከዳሌዬ የወሰደውን አጥንት አስገባ። ሥራው ግሩም ነው ይላሉ፤ እኔም እላለሁ። ክንዴ ላይ የነበረው መደንዘዝ ጠፍቷል፤ እስክሪብቶውን እንዴት አድርጌ እንደያዝኩት ከጽሑፌ ታየዋለህ። የተገፋው ጉሮሮዬ ግን አኩርፎኛል። ስናገር የሚወጣው በበር ሥር እንደሚገባ ነፋስ ያለ ነው። የሬዲዮ ስልክ ደግሞ ታውቀዋለህ፣ በዚያ ባሕር ላይ ያለ ጀልባ ሁሉ ነው የሚሰማው። ያን ድምፄን ቢሰሙት በማግስቱ «ማርዴል አበቃላት» ተብሎ እስከ አላስካ ይወራ ነበር። ስለዚህ እስኪሻለኝ በደብዳቤ እንነጋገር። ዴልበርት ሄሊኮፕተሩን ይዞ ወደ አንተ በመጣ ቁጥር ደብዳቤ አይጠፋም።

ምን እየበላች ነው ብለህ ኮሪንን ስትጠይቃት ሰምቼሃለሁ። እበላለሁ። ሾርባ ነው፣ የአጃ ገንፎ ነው፤ ኮሪን ታውቃታለህ፣ መች ትተወኛለች። በዚህ አታስብ። ይልቅ የመብራት ጠባቂዎች ቢሮ ስለ እኔ ቦታ ምን እንዳለ ጻፍልኝ። ረዳት ጠባቂነቴን ለኬንት ሰጡት ወይስ እየጠበቁኝ ነው?

ናፍቀኸኛል ብዬ አልጽፍም። ዴልበርት ፖስታ ከፍቶ የሚያነብ ሰው አይደለም፤ ቢሆንም ይኸ ነገር በሰው እጅ እንዲዞር አልፈልግም።

ያንተው፣ ማርዴል


ፌንዊክ ደሴት፣ ኤፕሪል 27 ቀን 1984

ማርዴልዬ፣

ደብዳቤሽን መጀመሪያ ቆሜ አነበብኩት፣ ከዚያ ቁጭ ብዬ አነበብኩት። አጠገቧ ነበርሽ አይደል? እኔ ደግሞ ያን ሁሉ ስለ በር ስቀባጥር ነበር። ባውቅ ኖሮ ሌላ ነገር አወራ ነበር።

እኔ ደህና ነኝ። መብራቱም ደህና ነው። ወጥ ቤትሽን ግን አትጠይቂኝ። ኬንት ጎበዝ ሠራተኛ ነው፤ ሞተሩን ከእኔ በተሻለ ያውቀዋል። ግን ያልጠበሰው ነገር የለም። ዳቦ ይጠብሳል፣ ፖም ይጠብሳል፣ በቀደም ኪያር ሲጠብስ አየሁት። «ጌታው፣ እናቴ ጥሬ ነገር እንዳትበላ ብላኛለች» አለኝ። ምን እለዋለሁ?

የጠዋቱን የአየር ጠባይ በሬዲዮ ለጀልባዎቹ አሁን የማነብላቸው እኔ ነኝ። ባለፈው ሐሙስ አንዱ አጥማጅ ንግግሬን አቋርጦ፣ «አንተ ሰውዬ፣ ሴትዮዋ የት ሄደች? አንተ ስታነበው ነፋሱ ሁሉ የባሰ ይመስላል» አለኝ።

«እረፍት ላይ ናት» አልኩት።

«እንግዲያው ቶሎ ጥራታ! እኛኮ ዓሣ ማጥመድ አለብን!»

እኔም ሳቅኩ፣ ሌሎቹም ሳቁ። ሬዲዮውን ከዘጋሁት በኋላ ግን ካፖርትሽ የተሰቀለበትን ሚስማር እያየሁ ብዙ ተቀመጥኩ። ቡናዬ ቀዘቀዘ።

ቢሮው ምንም አላለም። ጤናዋን ትጠብቅ ነው ያሉት። ሌላ ነገር የለም።

አሁን እኔ ልጠይቅሽ። በደብዳቤሽ ውስጥ ሾርባና ገንፎ አለ፤ ዳቦ የለም፣ ሥጋ የለም። ሃያ ዓመት ፊት ለፊትሽ ተቀምጬ በልቻለሁ። ያለ ዳቦ ከገበታ የተነሣሽበትን ቀን አላውቅም። ምን ደበቅሽኝ?

ሃልቮር


ቪክቶሪያ፣ ሜይ 9 ቀን 1984

ሃልቮር፣

ያዝከኝ።

አልዋጥ ብሎኛል። መጀመሪያ የሁሉም ሰው ጉሮሮ ለጥቂት ቀን ያብጣል ተባልኩ፤ እሱ እውነት ነው። የእኔው ግን ቆየ። የጎረስኩት ነገር መሃል መንገድ ላይ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ውሃ ደግሞ የባሰ ነው፤ ገና ሳልዘጋጅ ሮጦ ወደ ማይገባበት ይገባና ትን ይለኛል። ዓይኔ እስኪቀላ ነው የምስለው።

በትንሣኤ እሑድ ኮሪን የቤተ ክርስቲያን ወዳጆቿን ምሳ ጠራች። እኔም እንደ ሰው ልቀመጥ ብዬ ጥብስ ሥጋ ቆረጥኩ። አላለፈም። ትን አለኝ፣ ተነሣሁ፣ ወንበሩ ወደቀ። አንድ ግዙፍ ሰውዬ ሊረዳኝ ዘሎ ጀርባዬን መደለቅ ሲጀምር ኮሪን መጥበሻ እንደያዘች፣ «ኧረ አትምታት! አንገቷ ነው! በእግዜር አንገቷ ነው!» ብላ ጮኸች። ሰውዬው እጁን ወደ ላይ ሰቅሎ እንደ ሌባ ቆመ። በመጨረሻ ሥጋው ወጣ። ማንም ምሳውን አልጨረሰም። ከዚያ ቀን ወዲህ የምበላው ጓዳ ውስጥ ብቻዬን፣ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ ነው። ይህን ላንተ መጻፍ አፍሬ ነበር። አንዲት ትልቅ ሴት እንዴት መብላት አቃተኝ ትላለች?

ኮሪን ሐኪሙ ጋ ወሰደችኝ፣ ሐኪሙ ደግሞ ሎይስ ወደምትባል የጉሮሮ ባለሙያ ላከኝ። ገና ልጅ እግር ናት፤ ጥፍሯን ትበላለች። ግን ወደድኳት። «ወይዘሮ ኔስ» አለችኝ፣ «እስከ ዛሬ ሳያስቡበት ይውጡ ነበር። አሁን ለጥቂት ጊዜ እያሰቡበት ነው የሚውጡት። ሌላ ተአምር የለውም።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ከመብላቴ በፊት ትንሽ የበረዶ ስባሪ እመጠምጣለሁ፣ ቅዝቃዜው እብጠቱን ያስታግሰዋል። ቀጥ ብዬ እቀመጣለሁ፤ የአንገት ድጋፉ ለዚያስ በጀኝ። ከሻይ ማንኪያ ግማሽ ብቻ እጎርሳለሁ፣ እውጣለሁ፣ ከዚያ ምንም ሳልጨምር ባዶውን አንዴ ደግሜ እውጣለሁ። ማውራት የለም፣ ሬዲዮ የለም። ደረቅ ነገር፣ ፍርፋሪ ነገር ክልክል ነው፤ ድንቹም ዓሣውም ተደቁሶ በመረቅ መራስ አለበት። ኪኒኔን ፈጭቼ ከተፈጨ ፖም ጋር ነው የምወስደው፤ ያንንም ይፈጭ እንደሆነ ሎይስ መድኃኒት ቤቱን ጠይቃልኝ ነው። ከበላሁ በኋላ ጋደም ማለት የለም። ውሃና ሻይ ደግሞ በስታርች ወፍሮ ከማንኪያው ላይ እንደ ማር መንጠባጠብ አለበት።

ወፍራም ሻይ ጠጥተህ ታውቃለህ? ሙጫ ውስጥ የሻይ ቅጠል የወደቀ ነው የሚመስለው።

የብዙ ሰው ጉሮሮ በሳምንታት፣ ቢበዛ በወራት ይመለሳል ብላኛለች። «ትኩሳት ከመጣ ወይም ሳሉ ከባሰ ግን ቀጠሮ አይጠብቁ፣ ያን ሰዓት ይምጡ» አለች። እሺ አልኳት፣ በሹክሹክታ።

አሁን ሁሉንም ታውቃለህ። አንተስ? የደበቅከኝ ነገር አለ?

ማርዴል


ፌንዊክ ደሴት፣ ሜይ 25 ቀን 1984

ማርዴልዬ፣

ግድግዳ እያየሽ መብላትሽ ከሁሉም በላይ አንጀቴን በላው። ኮሪንን ጥሪያትና አጠገብሽ ትቀመጥ። ዝም ብላ ትቀመጥ፤ ዝም ማለት እንደሚያቅታት አውቃለሁ፣ ግን ለእህቷ ስትል ትችለዋለች።

ወፍራሙን ሻይ ሞከርኩት። ኬንት በማንኪያ ስልስ ሲያየኝ፣ «ጌታው፣ ምን ነካዎት?» አለ። «ሚስቴ የምትጠጣውን እየጠጣሁ ነው» አልኩት። ቀመሰው። ከዚያ ወደ ውጭ ወጣ። መጥበስ አይቻልም እንጂ ይጠብሰው ነበር።

በዚህኛው በረራ አንድ ማሰሮ ልኬልሻለሁ። ያምና የሠራሽው የእንጆሪ ማርማላት ነው። ዘሩ ጉሮሮሽ ላይ እንዳይቀር በንጹሕ ጨርቅ ጨምቄ አጣራሁት። ወጥ ቤቱ፣ እጄ፣ ሸሚዜ፣ ሁሉም ቀይ ሆነ፤ ኬንት ሲገባ ሰው የገደልኩ መስሎት ደነገጠ። ከፖሙ ጋር ደባልቀሽ ብዪው። ሎይስን አስቀድመሽ ጠይቂያት።

የደበቅኩሽ ነገር የለም። አንድ ነገር ብቻ እለምንሻለሁ፣ አትቸኩዪ። ቀስ ብለሽ ዋጪ። እዚህ የሚያስቸኩልሽ ምንም ነገር የለም።

ድንችሽን ተክያለሁ። ከፊሉ በቅሏል። ከጀልባ ማረፊያው ደረጃ ላይ ቆሜ ወደ ደቡብ ማየት ልማድ ሆኖብኛል። ከዚያ ምንም እንደማይታይ አውቃለሁ።

ሃልቮር


ፌንዊክ ደሴት፣ ጁን 22 ቀን 1984

ማርዴል፣

ሄሊኮፕተሩ ሁለቴ መጣ። ሁለቱንም ጊዜ ከረጢቱን ራሴ ነኝ የፈታሁት። የሞተር ዕቃ፣ ጋዜጣ፣ የኬንት እናት የላከችው ካልሲ። ካንቺ የመጣ ምንም የለም።

ዴልበርትን «አግኝተሃታል?» አልኩት። «ማርማላቱን አድርሻለሁ» አለና የሄሊኮፕተሩን ጭራ ሊያይ ሄደ። ጭራው ምንም አልሆነም። ይህ ሰው ውሸት አይችልም፤ ለዚህ ነው ዓይኔን የሸሸው።

ትናንት ደወልኩ። ኮሪን «ተኝታለች» አለችኝ። ድምፅዋ ሌላ ነበር። አሁንም አጠገቧ ነሽ? እጅሽን አፍሽ ላይ አድርገሽ እየሰማሽኝ ነው? እንደዚያ ከሆነ ግድ የለም፣ ደስ ይለኛል። እንደዚያ ካልሆነ ግን ንገሪኝ። ልምጣ ብዬ ምትክ ጠይቄያለሁ። በዚህ ወቅት የሚለቀቅ ሰው የለም አሉኝ፤ ኬንትን ብቻውን ትቼው መሄድ አልችልም፣ ጀልባዎቹ በሙሉ ባሕር ላይ ናቸው።

ደብዳቤ መጻፍ ካቃተሽ ባዶ ወረቀት ላይ ስምሽን ብቻ ጽፈሽ ላኪልኝ።

ሃልቮር


ቪክቶሪያ፣ ጁላይ 3 ቀን 1984

ሃልቮር፣

ስሜን ብቻ ልጽፍልህ ነበር። ከዚያ ተናደድኩብህና ጉልበት አገኘሁ።

ሆስፒታል ነኝ። የሳንባ ምች ይዞኝ ነበር። አሁን ትኩሳቱ ወርዷል፣ ያለ ድጋፍ እቀመጣለሁ፤ ስለዚህ ደንግጠህ ባሕር ውስጥ እንዳትገባ። ኮሪን ተኝታለች ስትልህ ለመጀመሪያ ጊዜ እውነቷን ነበር። ዝም ያልኩት እዚያ ሆነህ ምንም ማድረግ እንደማትችል ስለማውቅ ነው፤ ኮሪንንም ያስማልኳት እኔ ነኝ።

እንዴት እንደሆነ ልንገርህ። ዴልበርት ማርማላቱን ይዞ መጣ። ኮሪን ሻይ አቀረበችለት። ደግ ሰው ነው፣ ሊያጽናናኝ ፈልጎ፣ «ከሴፕቴምበር አንድ ጀምሮ ቦታዎን ለሌላ ሰው በቋሚነት ሊሰጡት ነው መባሉን ስሰማ በጣም ነው ያዘንኩት። እርስዎን የመሰለ ሰው ደግመው አያገኙም» አለኝ። የማውቅ መስሎት ነው። ፊቴን ሲያይ ብስኩቱን መልሶ ሳህኑ ላይ አስቀመጠው።

እስከዚያ ቀን ድረስ ሐኪም ደህና ናት ብሎ ካልፈረመልኝ ቦታዬን አጣለሁ። አንተ ደግሞ «ቢሮው ምንም አላለም» ብለህ ጽፈህልኛል። «የሚያስቸኩልሽ ምንም ነገር የለም» ብለሃል። ለምን፣ ሃልቮር?

በማግስቱ የስታርቹን ቆርቆሮ ቁም ሳጥን ውስጥ ወረወርኩት። ክብደቴ ካልጨመረ ሐኪሙ አይፈርምልኝም ብዬ የተጠበሰ ዳቦ ማኘክ ጀመርኩ። ሻይ እንደ ድሮዬ በስኒ ጠጣሁ። ትን ሲለኝ ኮሪን እንዳትሰማ የቧንቧ ውሃ እየከፈትኩ እስል ነበር። የምበላው እየበዛ ሳይሆን ወደ ሳንባዬ የሚገባው እየበዛ ነበር። አንድ ቀን ብርድ ብርድ አለኝ። የሎይስን ቃል አስታወስኩ፤ ነገ እሄዳለሁ አልኩ፣ ነገም ነገ እሄዳለሁ አልኩ። በመጨረሻ ኮሪን ናት መታጠቢያ ቤት ወለል ላይ ያገኘችኝ።

ሎይስ አልጋዬ ጋ መጥታ ተቀመጠች። ትቆጣኛለች ብዬ ነበር። «ለማን ብለው ነው የቸኮሉት?» አለችኝ። ስለ መብራቱ ነገርኳት። ስለ ደረጃው፣ ስለ ድንቹ፣ ስላንተ። ሁሉንም ሰማችኝና፣ «ወይዘሮ ኔስ፣ ይኸ ሁሉ ገብቶኛል። ጉሮሮዎ ግን የቢሮ ቀን አያውቅም» አለች።

ሐኪሙ በሆዴ በኩል የምግብ ቱቦ ላስገባ ይላል። ትንሽ ታገሠኝ ብዬ ለመንኩት። በሹክሹክታ መከራከር እንዴት እንደሚያደክም አታውቅም። ቱቦ ካስገቡልኝ ወደ ደሴቱ መመለስ የሚባል ነገር የለም። ያን አስቤ አለቅሳለሁ፤ ሳለቅስ ደግሞ ትን ይለኛል።

ማርዴል


ፌንዊክ ደሴት፣ ጁላይ 14 ቀን 1984

ማርዴልዬ፣ የኔ ሴት፣

ምን ብዬ ልጀምርልሽ? ይቅር በዪኝ። ቀኑን ከኤፕሪል ጀምሮ አውቀው ነበር። ብትሰሚ ትቸኩያለሽ ብዬ ነው የደበቅኩሽ፤ ሁሌ ማዕበል ሊመጣ ሲል ልብስ ለማስገባት ስትሮጪ የምትወድቂ ሴት ነሽና። ከእኔ አፍ ብትሰሚው ግን አብረን እንመክርበት ነበር። በዴልበርት ብስኩት ላይ ነው የሰማሽው። ይኸ አይወጣልኝም።

ዴልበርት ባለፈው ሲመጣ ኮፍያውን አውልቆ፣ «ሃልቮር፣ ምላሴን ልቆርጠው ነበር» አለኝ። «የእኔ ይቆረጥ፣ ያልተናገረው የእኔ ነው» አልኩት።

አሁን ሥራውን ነገር ተዪው። ሰኞ ጠዋት የአየር ጠባዩን አንብቤ ስጨርስ የቢሮውን ሰው በሬዲዮ አስጠራሁትና፣ «ሴፕቴምበር አንድ ለሚስቴ ቦታ ብቻ ሳይሆን ለእኔም ቦታ ሰው ፈልጉ። እሄዳለሁ» አልኩት። ጀልባው ሁሉ እየሰማ ነው። ይስሙ። ሰውዬው «አስበህበታል?» አለ። «ሌላ ነገር አላሰብኩም» አልኩት። በኋላ ያ አጥማጅ፣ ያ ሁልጊዜ የሚያሾፍብኝ፣ «ሃልቮር፣ ለሴትዮዋ ሰላም በልልን» አለ። ሌላው ተከተለ። ሌላውም። ጀልባቸውን እየጠሩ አንድ በአንድ ሰላም አሉሽ። ኬንት ነው ማይክሮፎኑን ተቀብሎኝ «እናደርስላችኋለን» ያለው።

ቱቦ ካስፈለገሽ ይግባ። በአፍሽም ብዪ፣ በሆድሽም ብዪ፣ ብቻ ኑሪልኝ። ካላስፈለገሽ ደግሞ ያቺን ግማሽ ማንኪያ እንደገና ጀምሪ። በዚህ ጊዜ ከልቤ ነው የምልሽ፣ የሚያስቸኩልሽ ነገር የለም።

ሃልቮር


ቪክቶሪያ፣ ኦገስት 8 ቀን 1984

ሃልቮር፣

ማን ጠየቀህ? ሥራህን ልቀቅልኝ ብዬ ጻፍኩልህ? ደብዳቤህን ሳነበው ለኮሪን «ይኸ ሰውዬ አብዷል!» አልኳት፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፄ ወጣ። የቁራ ድምፅ ነው፣ ግን ወጣ። ኮሪን በደስታ ስኒ ሰበረች።

ቱቦው ቀረ። አንድ ነጭ ነገር አብልተው ጉሮሮዬን በራጅ እንደ ቴሌቪዥን አሳዩኝ። ጉርሻው ወርዶ ወርዶ ትንሽ ያመነታል፣ ከዚያ ባዶውን ደግሜ ስውጥ ያልፋል። ወደ መተንፈሻዬ የገባ ነገር የለም። ሎይስ ጥፍሯን ከአፏ አውጥታ አጨበጨበች። አሁን የአንገት ድጋፌም ወጥቷል፤ ሐኪሙ ስለፈቀደ አገጬን ትንሽ ዝቅ አድርጌ ነው የምውጠው። ያቺ ትንሽ ዝቅታ እንዴት እንደረዳችኝ ልነግርህ አልችልም።

በገበታ ተመልሼ ተቀምጫለሁ። ኮሪን ፊት ለፊቴ ትቀመጥና ከንፈሯን ነክሳ ዝም ትላለች፣ ደም ሥሯ እስኪገተር። ሳህኔን ጨርሼ ማንኪያዬን ሳስቀምጥ የያዘችውን ወሬ ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ትለቀዋለች። እሑድ በክሬም የተቀቀለ ዓሣ በላሁ። ያጣራኸው ማርማላት አልቋል፤ ማሰሮውን ግን አልጣልኩትም።

አሁን የከፋውን ልንገርህ። ሐኪሙ ወደ ደሴቱ አትመለሺም አለ። ዘንድሮ ብቻ አይደለም። ጉም ሲሆን ሄሊኮፕተር የማይደርስበት ቦታ ላይ አንድ ቀን ደግሞ ትን ቢልሽ ማን ይደርስልሻል አለኝ።

ስለዚህ ስማኝ። አንተ እዚያው ቆይ። ቃልህን መልሰው፣ እሺ ይሉሃል፤ ቢያንስ እስከ ጸደይ። አንተ ያለዚያ ባሕር ምን ትሆናለህ? በኮሪን ጓሮ ውስጥ አንተ ስትንጎራደድ ይታየኛል፣ የአበባ መደቧን ስትረግጥ፣ እሷም ስትጮህብህ። እኔ ደህና ነኝ። እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ ሰው አለኝ። በደብዳቤ መኖርን ለምደነዋል። እጠብቅሃለሁ፣ አይከብደኝም።

ከላይ ያለውን የጻፍኩት ትናንት ነው። ዛሬ ጠዋት ፖስታውን ሳልዘጋ ደግሜ አነበብኩትና የመጨረሻው ክፍል ውሸት ሆኖ አገኘሁት። ካሁን በኋላ አንዋሽም ብዬ ለራሴ ምያለሁ፣ ስለዚህ አልቀደድኩትም፤ ውሸቴንም እየው።

ይከብደኛል። ና።

ማርዴል


ፖርት ሃርዲ፣ ሴፕቴምበር 3 ቀን 1984

ማርዴልዬ፣

ከደሴቱ ያሳፈረችኝ መርከብ እዚህ የባሕር ምልክቶች ልትጠግን ቆማለች። ደብዳቤው በአውቶቡስ ይቀድመኛል ስላሉኝ ባሕር ዳር ካለች ሻይ ቤት ተቀምጬ እየጻፍኩልሽ ነው። አስተናጋጇ «ምን ልታዘዝ?» ስትለኝ ልመልስላት ብዬ ረሳሁት፤ ሃያ ዓመት ምግቤን በስም ጠርቼ አላዘዝኩም።

አስረክቤ ነው የወጣሁት። አዲሱ ጠባቂ ሚስቱንና አንዲት ድመት ይዞ መጥቷል። ሚስቱ ወጥ ቤቱን አይታ እጅጌዋን ሰበሰበች፤ ኬንት አፈረ። ድንችሽን ቆፍሬ ግማሹን ለእነሱ ተውኩ፣ ግማሹን ይዤ እየመጣሁ ነው። ካፖርትሽንም ከሚስማሩ ላይ አወረድኩት። ሚስማሩን ልንቀለው ብዬ ተውኩት፤ ሴትዮዋም የምትሰቅለው አይጠፋትም።

ስንወጣ አመሻሽ ነበር። ወደ ኋላ አላይም ብዬ ነበር፣ አየሁ። አዲሱ ሰውዬ መብራቱን አበራው። ትንሽ ዘገየ፤ መጮህ ሁሉ ቃጣኝ። ከዚያ ሥራው የእኔ አለመሆኑ ትዝ አለኝና የመርከቧ መደገፊያ ዘንግ ላይ ተደግፌ ቆምኩ። ዋሸሁ እንዳልል እነግርሻለሁ፣ አለቀስኩ። ነፋሱ ነው ብዬ ለማሳበብም አልሞከርኩም፤ ነፋስ አልነበረም።

የመርከቧ ምክትል አዛዥ መጥቶ ሲጋራ አቀረበልኝና፣ «ቪክቶሪያ ላይ የሚቀበልህ ሰው አለ?» አለኝ።

«ሚስቴ» አልኩት።

ስናገረው ነው የገረመኝ። እስቲ አስቢው፤ ካንቺ ጋር በኖርንበት ዘመን ሁሉ አንዳችን ስንወጣ አንዳችን መብራቱ ጋ መቅረት ነበረብን። ስመለስ ከደረጃው ላይ እጅሽን ስታወዛውዢ አይቻለሁ፣ እኔም አወዛውዤልሻለሁ። በከተማ ወደብ ላይ፣ በሰው መሃል፣ አንዳችን ሌላውን ጠብቀን ግን አናውቅም። እንዴት እንደሚደረግ እንኳን አላውቅም። ስወርድ ሻንጣዬን መጀመሪያ ላስቀምጥ ወይስ ይዤው ልምጣ?

ረቡዕ ጠዋት እንደርሳለን ይላሉ። ጉም ካለ እንዘገያለን። ብንዘገይም ግን ከወደቡ አትሂጂ።

ሃልቮር